ድራማችሁን ማን እንደሚያየው የምታውቁበት መንገድ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ማታ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። መጠይቄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የቤቱን እመቤት "ድራማውን እዚህ ቤት ማን ማን ያየዋል?" አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩልኝ። "እኔ፣ ባለቤቴ፣ ትልቋ ልጄ፣ አንዳንዴ ደግሞ ትንሹ።" አራት ብዬ ጻፍኩ።

ድራማው ከጀመረ ትንሽ ቆይቶ ከማድ ቤቱ በር ላይ አንዲት ወጣት ብቅ አለች። እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። በሩን ተደግፋ፣ እንደቆመች፣ እስከ መጨረሻው አየችው። መሃል ላይ አባወራው "ይሄ ደግሞ ማነው?" ሲሉ የመለሰችላቸው እሷ ናት። "ያኔ ከእስር የወጣው ወንድሟ ነዋ ጋሼ።" ከቤቱ ሰው ሁሉ ታሪኩን አጥርታ የያዘችው እሷ ነበረች። ወረቀቴ ላይ ግን የለችም።

የማስታወቂያ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። አሁን ለድራማ አዘጋጆችና ለስፖንሰሮች የተመልካች ጥናት እሠራለሁ። ከዚያች ማታ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ተቀይሯል። ይህን የምጽፈው ትልቅ አጥኚ ድርጅት ለመቅጠር አቅም ለሌላችሁ አዘጋጆችና ደራሲዎች፣ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ ተማሪዎችም ነው። የሠራሁባቸውን ድራማዎች ስም የማልጠራው ውል ስላለብኝ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ የራሱ መሣሪያ አለው። አሜሪካ ውስጥ ኒልሰን የተባለው የተመልካች ጥናት ድርጅት ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ መቁጠሪያ ሣጥን አስቀምጧል። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሲያይ የራሱን ቁልፍ ይጫናል። እንግሊዝም ባርብ የሚባል ተቋም አላት። እኔ በሥራዬ እንዲህ ያለ ቁጥር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ቆጠራውን ራሳችን እንሠራዋለን። ይቻላል።

"ሰው ለሰው" የተባለው ድራማ በኢቲቪ በሚተላለፍበት ዘመን ማን ያየዋል ብሎ የሚጨነቅ ብዙ አልነበረም። ሰዉ የሚመርጠው ጣቢያ ጥቂት ነበር። በኋላ ጣቢያው በዛ። ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣና ሳሎኑ ተከፋፈለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። የቢራ ስፖንሰር ሄደ። ባንኩ፣ ዘይቱና የልብስ ሳሙናው ቀሩ። የሳሙናው ሰውዬ "ብዙ ሕዝብ ያየዋል" በሚል መልስ አይረካም። ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ቤት ውስጥ ዕቃ የሚገዛው እሱ ነው ወይ ይላል። ትክክል ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥሩት

"ማን ያየዋል?" የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን መለየት ግድ ነው። አንዱ፣ ከሴቶች መሃል ስንቱ ድራማውን ያያል? ሌላው፣ ድራማውን ከሚያዩት መሃል ስንቱ ሴት ነው? መልሳቸው በጣም ይለያያል። ስፖንሰር ፊት ቀርበው ሁለቱን ሲያምታቱ ያየኋቸው ብዙ ናቸው። የትኛውን እንደምትፈልጉ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ቀጥሎ "ተመልካች" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወስኑ። አንዴ ሲያልፍ ያየም ተመልካች ነው? እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፦ ባለፉት 4 ሳምንታት ከተላለፉት ክፍሎች ቢያንስ ሁለቱን ከግማሽ በላይ ያየ ሰው። በቴሌቪዥን ይሁን፣ በዩቲዩብ ይሁን፣ በቴሌግራም የተላከለትን ይሁን። ተቀምጦም ሆነ ቆሞ። ይህችን "ቆሞ" የምትል ቃል የጨመርኳት ከጀሞ በኋላ ነው። እናንተ ሌላ ትርጉም መያዝ ትችላላችሁ። ብቻ ሥራው መሃል ላይ አትቀይሩት።

በእጃችሁ ካለው ጀምሩ

ድራማው በዩቲዩብ የሚጫን ከሆነ የቻናሉን አናሊቲክስ፣ ማለትም ስለ ተመልካቹ ቁጥር የሚሰጠውን ገጽ ክፈቱ። የቻናሉ ባለቤት ካልሆናችሁ አዘጋጁን ለምኑት፤ ከውጭ የሚታየው የዕይታ ብዛትና ኮሜንት ብቻ ነው። ውስጡ ግን ዕድሜ፣ ፆታ፣ አገር፣ የሚያዩበት መሣሪያ፣ ተመልካቾቻችሁ ዩቲዩብ ላይ የሚገኙበት ሰዓት፣ ሰዉ በስንተኛው ደቂቃ ጥሎ እንደሚወጣ ሁሉ አለ። ዕድሜው ከ13–17፣ 18–24፣ 25–34 እያለ እስከ 65 በላይ በቡድን ይቀመጣል።

ይህን ቁጥር ውደዱት፣ ግን እንዳለ አትመኑት። እኛ አገር የሚያጣምሙት ነገሮች አሉ። በቅርብ ስላየኋቸው ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

አንደኛው የልደት ዓመት ነው። ጉግል የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚሞላው በሚያውቀው በኢትዮጵያ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዛሬ 28 ገደማ ነው። "1990" ብሎ ከሞላ ግን ኮምፒውተሩ 36 ዓመቱ ነው ብሎ ይይዘዋል። ከ25–34 ቡድን ወጥቶ 35–44 ውስጥ ይገባል። ይህ በብዙ ሰው ላይ ሲደጋገም ድራማችሁ ካለው በላይ የትልልቅ ሰዎች ድራማ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው ሞባይል ቤት ነው። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ጂሜይሉን የሚከፍትለት ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው። ልደትና ፆታ ላይ ለራሱ የቀለለውን ይሞላል። አንድ ቀን መርካቶ አንድ ሱቅ ቆሜ አንድ አባት አዲስ ስልክ ሲገዙ ሳይ ነበር። ልጁ ስማቸውን ጠየቃቸው። ዕድሜያቸውን ግን አልጠየቃቸውም። ጣቱ ግን አላቆመም፤ ሁሉንም ሞልቶ ጨርሶ "በቃ አባባ፣ ይሠራል" ብሎ ሰጣቸው። እኚያ አባት በእናንተ አናሊቲክስ ላይ የስንት ዓመት ሰው ሆነው እንደሚታዩ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሦስተኛው ቪፒኤን ነው፤ ስልኩን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስለው መተግበሪያ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን በማይከፈቱበት ጊዜ የአዲስ አበባ ተመልካች ቪፒኤኑ ባለበት አገር ነበር የሚቆጠረው። የእነዚያን ወራት የአገር ሠንጠረዥ ካያችሁ "አውሮፓ ተመልካች አገኘን" ብላችሁ አትደሰቱ። ከዚያ በፊትና በኋላ ካለው ጋር አስተያዩት።

የመጨረሻው፣ አንድ አካውንት አንድ ሰው አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ ዩቲዩቡን በትልቁ ቴሌቪዥን ከፍቶ ለአራት ያያል። የሚቆጠረው አካውንቱን የከፈተው ልጅ ነው። የመሣሪያ ሠንጠረዡ ላይ "ቲቪ" የሚለው ድርሻ ከፍ ያለ ከሆነ ከጀርባው ብዙ ሰው እንዳለ ገምቱ።

ኮሜንቶቹንም አንብቡ። እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ አንብቡ። "ከቤሩት ነው የማየው"፣ "ጅዳ ሆኜ ሥራ ስጨርስ በሌሊት ነው የምከታተለው"፣ "እህቴ ዱባይ ሆና ቀድማ እየነገረችኝ አበሳጨችኝ" የሚሉት በየክፍሉ አሉ። ኤክሴል ላይ ሦስት ዓምድ ክፈቱ፦ ያሉበት አገር፣ የሚያዩበት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደሚያዩ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ የጠቀሰ ኮሜንት ሲያጋጥማችሁ መዝግቡ። ስማቸውን ግን አትመዝግቡ። ኮሜንት የሚጽፍ ሰው የሚናገር ሰው ነው፤ ዝም ብሎ የሚያየውን አይወክልም። ስለዚህ ከዚህ መቶኛ አታውጡ። የምታገኙት ሌላ ነገር ነው፦ የት ሄዳችሁ ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። በዓረብ አገራት ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ትልቅ የተመልካች ክፍል መሆናቸውን እኔ መጀመሪያ ያወቅኩት ከኮሜንት ነው። የሚያዩበትን ሰዓት አስቡት። አሠሪዎቻቸው ሲተኙ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ።

የተመልካችን ድምፅ እንዲህ መሰብሰብ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው የቀን ቅኝት ድራማ ከአድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰውታል። የዛሬው ደብዳቤ ኮሜንቱ ነው።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ካላችሁ ስታቲስቲክሱ ልጥፋችሁ በስንት ሰዓት እንደሚታይ ያሳያችኋል። ዕድሜና ፆታ አይሰጥም። ቲክቶክ ላይ የሚዞሩ ቁራጮችን የሚያየው ሰው ደግሞ ሙሉውን ድራማ የሚያየው ሰው ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ለየብቻ ያዟቸው።

ቤት ለቤት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የምትችሉትን ያህል ጊዜ እዚህ ላይ አውሉ።

ጎዳና ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መጠየቅ ቀላል ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋም። ግን የምታገኙት ከቤት የሚወጣውን ሰው ነው። ድራማ የሚታየው ቤት ነው። ስልክ መደወልም እንደዚያው ነው። የራሱ ስልክ ያለው ሰው ነው የሚያነሳው። አዛውንት እናቶችና የቤት ሠራተኞች ከእጃችሁ ያመልጣሉ።

አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከ11ዱ ክፍለ ከተሞች የምትችሉትን ያህል ምረጡ። ሲመረጥ ግን ሰፈር እንዲለያይ ተጠንቀቁ። ኮንዶሚኒየም፣ የቀበሌ ቤት፣ የግል ግቢ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ። ሁሉንም ኮንዶሚኒየም ላይ ከሠራችሁ የኮንዶሚኒየም ጥናት ነው የሚሆነው። ከመሄዳችሁ በፊት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ለወረዳው አሳውቁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የነዋሪዎች ማኅበሩን ኮሚቴና ጥበቃውን ሰላም በሉ። ጥበቃው ካላመናችሁ አንድም በር አይከፈትላችሁም።

መነሻችሁን አንድ ምልክት አድርጉ፤ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ወፍጮ ቤት፣ ምንም ይሁን። ከዚያ ወደ ግራ እየታጠፋችሁ አምስተኛውን በር አንኳኩ። ደስ የሚል በር እየመረጣችሁ አትሂዱ። አምስተኛው በር ውሻ ያለበት ከሆነም ያው አምስተኛው ነው፤ ውሻውን አስይዙት። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ቶሎ ወደ ሌላ በር ከዘለላችሁ ሁልጊዜ ቤት የሚውለውን ሰው ብቻ ነው የምትሰበስቡት።

አሁን የጀሞው ስህተት እንዳይደገም። "ድራማውን ማን ያያል?" ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ "ትናንት ማታ እዚህ ቤት ውስጥ ያደረው ማን ማን ነው?" በሉ። ሁሉንም ዘርዝሩ። ዘመድ፣ እንግዳ፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣች አክስት፣ ደባል፣ የቤት ሠራተኛ። ዝርዝሩ ሲያልቅ "ሌላስ? ጥበቃ፣ ሠራተኛ፣ የሚያድር ልጅ?" ብላችሁ አንዴ ጨምሩ። ይህች አንዲት ጥያቄ ስንት ጊዜ አዲስ ሰው እንዳመጣችልኝ! ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም የሚዘሉት። "ቤተሰብ" ሲባል የሚመጣላቸው ሌላ ስለሆነ ነው። "ያደረ" ስትሏቸው ግን ሁሉም ይመጣል።

ዝርዝሩን ከትልቅ ወደ ትንሽ ቁጥር ስጡት። ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ዕድሜና ፆታቸውን ብቻ መዝግባችሁ እለፉ፤ አትጠይቋቸው። ከቀሩት አንዱን በዕጣ አውጡ። በሌላ አገር "ልደቱ በቅርቡ የሆነውን ሰው" የሚል አመራረጥ አለ። እኛ ጋ ልደቱን የማያከብርና ቀኑን የማያስታውስ ብዙ ሰው ስላለ እኔ ትቼዋለሁ። ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ ወረቀቶች በፌስታል ይዤ እዞራለሁ። ሕፃን ልጅ ካለ እሱ ያወጣልኛል። ዕጣው የወጣለትን ሰው ብቻ ጠይቁ። "እሷን ተያት፣ ምን ታውቃለች፣ እኔ ልንገርሽ" ሲሏችሁ በትሕትና "ዕጣው ነው እማማ፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም" በሉ። ዕጣ ለሰዉ ቶሎ ይገባዋል። ዕቁብም በዕጣ ነው።

ዕጣው ለቤት ሠራተኛዋ ከወጣ ለብቻዋ ነው የምትጠየቀው። ከአሠሪዋ ፊት ከሆነ መልሷ የእሷ አይሆንም። መጠይቁን የሚሞላው ሴት ብትሆን ይሻላል። ያለችውን ነገር ደግሞ ለቤቱ ሰው ትንፍሽ አትበሉ። "ልብስ እያጠብኩ በስልኬ አያለሁ" ያለችኝን ቃል ሳሎን ተቀምጬ ብደግመው ነገ ከሥራዋ ልትባረር ትችላለች። የጠየቅነው ሰው በእኛ ምክንያት እንዳይጎዳ ማድረግ የሥራው አካል ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆናችሁ የማያ ቦታዎችንም ጨምሩ። በትናንሽ ከተሞች ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ወይም የጎረቤት ሳሎን ብዙ ሰው ይሰበስባል። ክፍሎቹን ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ሱቆችም አሉ። በመጠይቁ ላይ "የት ሆነው አዩት?" የሚል ይኑር። መልሱ ውስጥ "ጎረቤት" የሚል ምርጫ ካልጻፋችሁ ጎረቤት ሄዶ የሚያየው ሰው አያገኝም።

አጠያየቅ

ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። ወጣት ልጅ እግሯ አቧራ ለብሶ ቤቴ መጥታ "ይህን ድራማ ያዩታል?" ብትለኝ እኔም "አዎ የኔ ልጅ" ነው የምላት። ስለዚህ እንዲህ አትጠይቁ። "ትናንት ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ምን ሲሠሩ ነበር?" ብላችሁ ጀምሩ። ያወሩ። ቴሌቪዥን ካነሱ የትኛው ጣቢያ፣ ምን ነበር፣ ማን አብሮ ነበር እያላችሁ ቀጥሉ። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። ዩቲዩብ የሚሰጣችሁ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ በኋላ ስታስተያዩ 6 ሰዓት ማስላት አትርሱ።

ድራማዎችን ዘርዝራችሁ ካስመረጣችሁ አንድ የሌለ ስም መሃል ላይ ጨምሩ። ከራሳችሁ የፈጠራችሁት ይሁን። "አዎ አየዋለሁ" የሚሉ ስንት እንደሆኑ ስትቆጥሩ ሰዉ ምን ያህል እናንተን ለማስደሰት እንደሚመልስ ታያላችሁ። እነዚህን ሰዎች አትናቁ፣ እንዳሉም ከወረቀታችሁ አትሰርዙ። የሌሎቹን መልስም በምን ያህል ጥርጣሬ ማየት እንዳለባችሁ ነው የሚነግሯችሁ።

ዕድሜ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሰው 30፣ 35፣ 40 ብሎ ይደፍናል። 38 ነኝ የሚል ብርቅ ነው። የሕዝብ ቆጠራም ላይ ይኸው ነው የሚታየው። ስለዚህ የዕድሜ ቡድናችሁን 30 ላይ ወይም 40 ላይ አትቁረጡት። 28–32 ብላችሁ ብትይዙ 30 ያለው ሁሉ መሃል ላይ ይወድቃል። ትልልቅ ሰዎችን ደግሞ ዓመት ከምትጠይቁ "ደርግ ሲገባ ስንት ዓመትዎ ነበር? ትምህርት ቤት ነበሩ?" በሉ። ያንን ጊዜ ማንም አይረሳም።

ደሞዝ አትጠይቁ። አይነግሯችሁም፣ ቢነግሯችሁም አይረዳችሁም። ምን ላይ እንደሚያበስሉ ጠይቁ፤ ከሰል፣ ቡታጋዝ፣ ኤሌክትሪክ። ፍሪጅ አለ? ውኃው ግቢ ውስጥ ነው፣ ቤት ውስጥ ነው? ቤቱ የራስ ነው፣ የኪራይ ነው? ከእነዚህ አራት አምስት ጥያቄዎች የኑሮ ደረጃው ይታያችኋል። በአገር ደረጃ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የቤተሰብን ኑሮ የሚለካው ባለው ንብረት እንጂ በደሞዝ አይደለም። ሃይማኖትና ብሔር ለጥያቄያችሁ የማያስፈልጉ ከሆነ ጭራሽ አታንሱ።

ስልክ ቁጥር ከወሰዳችሁ ለምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ ፈቃዳቸውንም ጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ቁጥሩን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከመልሱ ጋር በኮድ ብቻ ይገናኝ። በስልክ የምትሞሉ ከሆነ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ጥሩ ነው። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ ስትመለሱ ይልከዋል።

የትኛውን ቀን?

አንድ ሳምንት ብቻ አትሥሩ። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ያለበት ማታ ወንዶቹ ኳስ ላይ ናቸው። ዐቢይ ጾም፣ በተለይ ሕማማት፣ ቴሌቪዥኑ የሚዘጋበት ቤት ብዙ ነው። ረመዳን ላይ የቤቱ ሰዓት ሁሉ ይቀየራል። መብራትም አለ። በየቀኑ መጠይቁ አናት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ድራማው በተላለፈበት ማታ ሰፈሩ መብራት ነበረው ወይ? ጨዋታ ነበር ወይ? በኋላ "የወንድ ተመልካች ቀነሰብን" ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ይህን ታያላችሁ።

ስንት ሰው? ስሌቱስ?

በዕጣ የተመረጡ 100 ሰዎች ጠይቃችሁ የምታገኙት መቶኛ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ያህል ሊስት ይችላል። 400 ከሆኑ 5 ያህል። 1000 ከሆኑ 3 ያህል። ለአንድ ከተማ 400 ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከ400ው ውስጥ ወጣት ወንዶች 60 ብቻ ከሆኑ ስለ እነሱ የምትናገሩት በ13 ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ስለ ትንሽ ቡድን ትልቅ ቃል አትናገሩ።

ከዚያ ማመጣጠን አለ። ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሩ ለስሌት ያህል የፈጠርኩት ነው። 200 ሰው ጠየቅን እንበል። 130ው ወንድ፣ 70ው ሴት ሆነ። ከወንዶቹ 39 ያያሉ፤ 30 በመቶ ነው። ከሴቶቹ 42 ያያሉ፤ 60 በመቶ። ዝም ብለን ብንደምር 81 ተመልካች አለን፣ ከእነሱ ሴቶቹ 52 በመቶ ናቸው። "ተመልካቻችን ግማሽ በግማሽ ነው" ብለን ለስፖንሰሩ እንጽፋለን።

ግን ከተማው ውስጥ ወንድና ሴት እኩል ነው እንበል። 100 ወንድና 100 ሴት ብንጠይቅ ኖሮ 30 ወንድና 60 ሴት እናገኝ ነበር። ከ90 ተመልካች 60ው ሴት፤ 67 በመቶ ማለት ነው። ከሦስት ሁለቱ ሴት ናቸው። አንዱ ወረቀት የሳሙናውን ሰውዬ ያስወጣል፣ ሌላው ያስፈርማል። ልዩነቱ የመጣው ድራማው ላይ ካለ ነገር አይደለም፣ ማንን በብዛት እንዳገኘን ላይ ነው።

የከተማውን ትክክለኛ የዕድሜና የፆታ ድርሻ ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያዎች ታገኛላችሁ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ቆጠራውን እንዳለ አትውሰዱ፣ ትንበያውን ውሰዱ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ምን ያህል እንደሆነ በዕድሜ፣ በክልልና በትምህርት ደረጃ ለማየት ደግሞ የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትን ክፈቱ። ነጻ ነው። ስለ እናንተ ድራማ አይናገርም። ግን ያገኛችሁት ውጤት ከአገሩ ሁኔታ በጣም ከራቀ ያስጠነቅቃችኋል።

አብሮ ማየት

ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ጥቂት ቤቶች ተመለሱና ድራማው ሲተላለፍ አብራችሁ ቁጭ በሉ። ቡና ተፈልቶ ከሆነ ሦስተኛው እስኪደርስ አትነሱ። ብዙ አትጠይቁ። ሰዓት እያያችሁ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ስልኩን አነሳ፣ የቱ ጋ ሁሉም ዝም አለ፣ ይህን ጻፉ።

ወደ ጀሞው ቤትም ተመልሼ ነበር። በዚያኛው ዙር ዝርዝሩን "ያደረ" ብዬ ሠራሁት፣ አምስተኛዋ ሰው ተመዘገበች። ዕድሜዋ 22 ነው። ሌላ ቀን፣ ለብቻዋ፣ ማድ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መለሰችልኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አታይም። በዚያ ሰዓት የራት ዕቃ ታጥባለች። ትሰማለች ግን። ቧንቧውን ቀጭን አድርጋ ትከፍተዋለች፣ ድምፁ እንዳያመልጣት። ማን እንደተናገረ በድምፅ ትለያለች። ያላየችውን ክፍል ሐሙስ ዕረፍቷ ላይ ጓደኛዋ ስልክ ላይ ታየዋለች።

ይህን ለአዘጋጆቹ በአንድ ገጽ ጻፍኩላቸው። ከሌሎች ቤቶችም ተመሳሳይ ነገር ስላገኘሁ ብቻዋን አልነበረችም። ደራሲዎቹ ስብሰባ ላይ ቁጥሮቹን አሳለፏቸውና እዚች ገጽ ላይ ቆዩ። የመክፈቻውን ትዕይንት ያለ ንግግር፣ በምስል ብቻ ይሠሩት ነበር። አንዷ ደራሲ እስክሪብቶዋን አነሳችና "ታዲያ ስም ይጠራሩ፤ ማን እንደገባ በጆሮዋ ትወቅ" አለች። በዚያው ወር የተቀረጸው ክፍል በር ሲንኳኳና "ማነው?" ሲባል ይጀምራል።

ሪፖርታችሁ ላይ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው፣ እንዴት እንደመረጣችሁ በመጀመሪያው ገጽ አስቀምጡ። አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ "አዲስ አበባ" በሉ፤ "የኢትዮጵያ ተመልካች" አትበሉ። የዩቲዩቡንና የቤት ለቤቱን ቁጥር አትደምሩ፣ ጎን ለጎን አሳዩ። ስልክ ቁጥሮቹ ያሉበትን ወረቀት ሥራው እንዳለቀ ቀዳዱት። ዝርዝር ወረቀቶቹን ግን አስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ መጠይቅ፣ በእነዚያው ሰፈሮች፣ ከአምስተኛው በር ጀምራችሁ እንደገና ትሠሩታላችሁ።